ዩፒኤስ ስትገዙ ከሳጥኑ ቁጥር በፊት ባትሪውን እዩ

ጎንደር ፒያሳ ካሉት የኮምፒውተር ሱቆች ወደ አንዱ ገብታችሁ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ስትጠይቁ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ስንት ቪኤ?» የሚል ነው፤ ቪኤ (ቮልት አምፔር) ዕቃው በአንዴ የሚችለው የጭነት ልክ ነው። 650፣ 850፣ 1200፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ዋጋው ከፍ ይላል፣ ገዢውም ትልቁን ሲይዝ ልቡ ያርፋል። ነገር ግን ያ ቁጥር መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ አይናገርም። ደቂቃውን የሚወስነው ውስጡ ያለው ባትሪ ነው፤ ባትሪው ስንት ዓመት እንደሚያገለግል የሚወስነው ደግሞ የቤታችሁ መብራት ጠባይ ነው። ስለዚህ ከመብራቱ እንጀምር፤ የሳጥኑ ቁጥር በኋላ ራሱ ይወጣል።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይታወቅ፦ ዩፒኤስ ሥራ ለመቀጠል የሚገዛ ዕቃ አይደለም። የተጻፈውን ሴቭ አድርጎ ኮምፒውተሩን በወግ ለማጥፋት፣ እንዲሁም መብራት ለሁለት ለሦስት ደቂቃ ሄዶ ሲመለስ ሥራው እንዳይቋረጥ ነው። ግማሽ ቀን የሚጠፋ መብራትን የሚሸፍነው ሌላ ዕቃ ነው፤ ወደ ታች እናየዋለን።

መጀመሪያ ሶኬቱን ለኩ

መስመራችን በስም 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በተግባር ግን ሰዓት እየጠበቀ ይወርዳል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ያ ማለት ሠላሳ ያህል የቢሮ ኮምፒውተር በአንዴ እንደማብራት ነው። ከትራንስፎርመሩ ራቅ ያለ ቤት ከሆነ፣ ሽቦውም ቀጭን ከሆነ፣ በዚያው ፌዝ ላይ ያሉ ሁለት ሦስት ጎረቤቶች እንጀራ ሲጋግሩ 220 የነበረው ወደ 180፣ ባስ ሲል ወደ 160 ሊወርድ ይችላል። አምፖሉ ፈዘዝ ብሎ የሚታየው ያኔ ነው።

ቴስተር ካላችሁ ወይም ከኤሌክትሪሺያን መዋስ ከቻላችሁ፣ ኮምፒውተሩ የሚሰካበትን ሶኬት ጠዋት፣ እኩለ ቀን እና ከምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ ለኩ። በተለይ ግቢው ውስጥ ምጣድ ሲበራ መለካት አይዘለል። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ፣ ብዙውን ጊዜ 600 ወይም 750 የሚለው ቦታ ላይ አድርጉት። ቀዩ ሽቦ አምፔር በሚለው ቀዳዳ ተሰክቶ ቀርቶ ከሆነ ሶኬቱን በሽቦ እንደማገናኘት ስለሆነ ይፈነዳል፤ ሁለቴ እዩት።

ልኬቱ ከ200 እስከ 235 ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፣ ተራው ዩፒኤስም ይበቃችኋል። ማታ ማታ ከ200 በታች የሚወርድ ከሆነ ግን ኤቪአር፣ ማለትም ቮልቴጅን ራሱ የሚያስተካክል፣ የሌለውን ዩፒኤስ እንዳትገዙ። ምክንያቱም እንዲህ ነው። ኤቪአር የሌለው ዩፒኤስ መስመሩ ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ «መብራት ጠፍቷል» ብሎ ወደ ባትሪ ይዞራል። መብራቱ ግን አልጠፋም፣ ደክሟል። ስለዚህ በየምሽቱ ባትሪው ይሟጠጣል፣ ሌሊት ተመልሶ ይሞላል፣ ነገም እንዲሁ። የዩፒኤስ ባትሪ ብዙውን ጊዜውን ሞልቶ ተቀምጦ፣ አልፎ አልፎ ብቻ እንዲሠራ የተዘጋጀ ነው፤ በየቀኑ ሲሟጠጥ ሦስት ዓመት የሚያገለግለው በወራት ያልቃል። ሰው ደግሞ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይላል።

ኤቪአር ያለው ዩፒኤስ፣ በሱቅ ቋንቋ ላይን ኢንተራክቲቭ የሚባለው፣ ቮልቴጁ ሲወርድ ባትሪውን ሳይነካ በትራንስፎርመሩ ከፍ ያደርገዋል። ሲቀያይር ውስጡ ያለው ሪሌ ጠቅ ይላል፤ ጠቅታው ጤነኛ ድምፅ ነው። ጀርባው ላይ ወይም መመሪያው ላይ የሚቀበለው የቮልቴጅ ልክ ይጻፋል። ታችኛው ቁጥር 140 ወይም 145 የሆነውን ፈልጉ። 180 ከሆነ ለኛ ምሽት አይሆንም።

ከ160 በታች በየቀኑ የሚወርድ ቤት ላይ ከዩፒኤሱ በፊት ስታቢላይዘር ማስቀመጥ ይረዳል። ቅደም ተከተሉ ግድግዳ፣ ስታቢላይዘር፣ ዩፒኤስ፣ ኮምፒውተር ነው። ስታቢላይዘሩን ከዩፒኤሱ በኋላ የሚሰኩ አሉ፤ ያኔ ዩፒኤሱ በባትሪ ሲሠራ የስታቢላይዘሩ ትራንስፎርመር ጭነት ይሆንበታል፣ አንዳንዴም መብራት በጠፋበት ቅጽበት ከአቅም በላይ ነው ብሎ ይዘጋል።

የተገላቢጦሹም አለ። በነፋስና በዝናብ ኒውትራል ሽቦ ሲላላ ወይም ሲበጠስ ወደ ቤት የሚገባው ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ምልክቱ የአንዱ ክፍል ወይም የአንዱ ቤት አምፖል ከልክ በላይ ሲደምቅ የሌላው መፍዘዙ ነው። ይህን ካያችሁ ዩፒኤስን አትመኑ፤ ዋናውን ብሬከር ዝጉና ለመብራት ኃይል አስታውቁ።

ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም መብረቁም አለ። ዩፒኤሶች የቮልቴጅ ድንጋጤ መከላከያ አላቸው፣ ግን መከላከያው በደንብ የሚሠራው የመሬት ሽቦ ሲኖር ነው። ብዙ ቤት ሶኬቱ ላይ የመሬት ሽቦ መያዣው አለ፣ ከኋላው ግን ሽቦ የለም። በኤሌክትሪሺያን ማስመርመርና ማስቀበር ከዩፒኤሱ ዋጋ ጋር ሲተያይ ውድ አይደለም። ነጎድጓዱ ሲቀርብ ግን ከሁሉ የሚሻለው መንቀል ነው፦ የዩፒኤሱን ከግድግዳ፣ ኢንተርኔቱ በስልክ ሽቦ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ የስልኩን ሽቦ ከራውተሩ። መብረቅ በስልክ ሽቦ ገብቶ በኔትወርክ ኬብል ኮምፒውተሩ ድረስ ሲሄድ ዩፒኤሱ ምንም አያደርግለትም።

ኮምፒውተራችሁ ስንት ይስባል

በተለምዶ ሲፒዩ የምንለው የኮምፒውተሩ ቤት ውስጥ ያለው ፓወር ሰፕላይ ላይ 450 ዋት ቢጻፍ፣ ያ የሚችለው ጣሪያ እንጂ የሚበላው አይደለም። ተራ የቢሮ ዴስክቶፕ ጽሑፍና ኢንተርኔት ላይ ከ50 እስከ 90 ዋት፣ ከ21 እስከ 24 ኢንች ያለ ኤልኢዲ ሞኒተር ከ18 እስከ 30፣ ራውተር ከ6 እስከ 12 ይበላል። ሲደመር ከ75 እስከ 130 አካባቢ ነው። ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ያለው፣ ቪዲዮ የሚያቀናብር ወይም ጌም የሚጫወት ማሽን ግን 300ን በቀላሉ ያልፋል።

በትክክል ማወቅ ለሚፈልግ ቆጣሪው ራሱ መለኪያ ነው። የካርድ ቆጣሪው ላይ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት አለች፣ አጠገቧም ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል የሚናገር ቁጥር፣ ለምሳሌ 1000 ወይም 1600፣ ተጽፏል። ፍሪጁን ጨምሮ ሌላውን ሁሉ ነቅላችሁ ኮምፒውተሩን ብቻ አብሩና በ5 ደቂቃ ስንት ጊዜ ብልጭ እንዳለች ቁጠሩ። ያንን በ12 አባዙት፣ ለተጻፈው ቁጥር አካፍሉት፣ በ1000 አባዙት። በ1600ው ቆጣሪ 20 ብልጭታ ማለት 20 ጊዜ 12 ሲካፈል ለ1600፣ 0.15 ኪሎዋት፣ ማለትም 150 ዋት ነው። ተከራይ ሆናችሁ ቆጣሪው የግቢው የጋራ ከሆነ ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ከላይ ያሉትን ግምቶች ተጠቀሙ።

አሁን ቪኤውን ወደ ዋት እንለውጥ። በርካሾቹ ላይ ዋት የቪኤው 0.6 እጅ ነው፤ 650 ቪኤ ማለት 390 ዋት፣ አንዳንዱ ላይ 360 ብቻ። 1200 ቪኤ ደግሞ ከ650 እስከ 720። ጭነታችሁ ከዋቱ ሦስት አራተኛ እንዳያልፍ አድርጉ። በዚህ ስሌት ለተራ የቢሮ ኮምፒውተር 650ው ከበቂ በላይ ነው። ዋቱ የትም ቦታ ያልተጻፈበትን ዕቃ ተዉት፤ አምራቹ ሊነግራችሁ ያልፈለገው ነገር አለ።

ባትሪው

650ዎቹ ውስጥ በአብዛኛው አንድ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የታሸገ የሊድ ባትሪ አለ። 12 ጊዜ 7፣ 84 ዋት ሰዓት። በ120 ዋት ጭነት 42 ደቂቃ ይቆያል ብሎ ማስላት ያጓጓል፣ ግን አይቆይም። 7 አምፔር ሰዓት የሚለው ልኬት ባትሪው በ20 ሰዓት ቀስ ተብሎ ሲሟጠጥ የሚሰጠው ነው። በፍጥነት ስትስቡት የሚሰጠው ይቀንሳል፤ ባትሪውን ወደ 220 ቮልት መለወጡ ራሱም አንድ አምስተኛ ያህሉን በሙቀት ይበላል። ስለዚህ በ120 ዋት፣ ባትሪው አዲስ ሳለ፣ የሚገኘው 15 ደቂቃ ገደማ ነው። በ300 ዋት ግን 4 ወይም 5 ደቂቃ ብቻ። ጭነቱ በሁለት ተኩል ሲያድግ ደቂቃው ወደ አንድ ሦስተኛ እንደወረደ ልብ በሉ።

1200ዎቹ ብዙውን ጊዜ ሁለት እንደዚህ ያሉ ባትሪዎች በተከታታይ ታስረውባቸዋል። ለ120 ዋት ጭነት እንኳ 1200 መግዛት የሚያዋጣው በዚህ ነው፦ ለዋቱ ሳይሆን ለሁለተኛው ባትሪ፤ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ያቆያል። ባትሪው አንድ ብቻ ከሆነ ግን ለስሙ ነው የከፈላችሁት። ሁለቱን ዕቃዎች በሁለት እጅ አንስታችሁ ብታወዳድሩ ክብደቱ ይነግራችኋል።

አሁን ዋናው ነገር። አዲስ ዩፒኤስ አዲስ ባትሪ አለው ማለት አይደለም። የሊድ ባትሪ ቁጭ ብሎም በወር ከቻርጁ 3 በመቶ ያህል ያጣል፣ በሙቀት ደግሞ ይብሳል። በጅቡቲ ወደብ በኩል መጥቶ፣ መጋዘን አድሮ፣ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ዓመት ከቆየ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጠነክራል፤ ከዚያ በኋላ ቢሞላም የቀድሞውን ያህል አይዝም። ስለዚህ ሻጩን ክዳኑን እንዲከፍት ለምኑት። «ወንድሜ፣ ባትሪውን ብቻ ልየው» ብትሉት ብዙው እሺ ይላል፤ እምቢ የሚል ካለ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ሩቅ አይደለም።

የምታዩት አራት ነገር ነው። የተመረተበት ቀን ባትሪው ላይ ይታተማል ወይም ይቀረጻል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። አቆጣጠሩን መሳት ቀላል ስህተት አይደለም፦ 2017 የሚል ካነበባችሁ በኛ 2009 ወይም 2010 ነው፣ የትናንት አይደለም። ከስድስት ወር በላይ የቆየ ከሆነ ሻጩ በየጊዜው ይሞላው እንደነበር ጠይቁ፤ ዓመት ካለፈው ተዉት። ሁለተኛው ቮልቴጁ ነው። ምንም ሳይገናኝ 12.7 እና በላይ ከሆነ ደህና፣ 12.5 አካባቢ መሞላት ይፈልጋል፣ ከ12.3 በታች ከሆነ አትውሰዱት። ሦስተኛ፣ ክብደት፦ ጤነኛ 7 አምፔር ሰዓት ከ2 እስከ 2.6 ኪሎ ይመዝናል። ከ1.8 ኪሎ በታች ከሆነ ሊዱ ተቀንሷል፣ ላዩ ላይ ምን ቢጻፍ። አራተኛ፣ ጎኖቹ ማበጥ የለባቸውም።

ፈተና ከተፈቀደ የድሮውን 100 ዋት ባለ ሽቦ አምፖል ሰክታችሁ ከግድግዳው ንቀሉት፣ 5 ደቂቃ ሳይንጫጫ ማብራት አለበት። የኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም፤ 9 ዋት የሚበላ አምፖልን የሞተ ባትሪም ያበራዋል።

በአየሩ በኩል ጎንደር ለባትሪ ጥሩ ከተማ ናት። የሊድ ባትሪ የሚወደው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ነው፣ ከዚያ በ10 ዲግሪ ከፍ ባለ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። መተማ ላለ ዘመድ የምትገዙ ከሆነ እዚህ ሦስት ዓመት የሚቆየውን እዚያ ያንኑ ያህል አትጠብቁ።

ዩፒኤሱ ይጮኻል፣ ኮምፒውተሩ ግን ይጠፋል

ይህ ቅሬታ በጣም የተለመደ ነው፣ ባትሪውም አዲስ ሊሆን ይችላል። ርካሽ ዩፒኤስ በባትሪ ሲሠራ የሚያወጣው ኃይል የመብራቱ ዓይነት ለስላሳ ሞገድ ሳይሆን ደረጃ ደረጃ ያለ ነው። የድሮ ፓወር ሰፕላዮች ግድ የላቸውም። ዘመናዊዎቹ፣ አክቲቭ ፒኤፍሲ (ኃይሉን ከመስመሩ አስተካክሎ የሚስብ ክፍል) ያላቸው፣ አንዳንዶቹ ያንን ሞገድ አይቀበሉም፤ መስመሩ ተበላሽቷል ብለው ይዘጋሉ ወይም በቅጽበት ብዙ ስበው ዩፒኤሱን ያዘጉታል። የትኛው እንዳላችሁ በቀላሉ ይታወቃል። ከሲፒዩው ኋላ፣ ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማዞሪያ ካለ አክቲቭ ፒኤፍሲ የለውም። ማዞሪያው ከሌለና 100-240 የሚል ከተጻፈበት ሊኖረው ይችላል። ያኔ ኮምፒውተሩን ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው ሞክሩት፣ ካልሆነ ፒዩር ሳይን ዌቭ የሚለውን፣ ማለትም እንደ መብራቱ ለስላሳ ሞገድ የሚያወጣውን ግዙ። ዋጋው ይወደዳል፣ ግን ሌላ መፍትሔ የለውም።

ዩፒኤሱ ከመስመር ወደ ባትሪ የሚዞርበት ጊዜም ይታያል። ፓወር ሰፕላይ ኃይል ተቋርጦበት 16 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይታገሳል፤ ዩፒኤሱ 10 ወይም ከዚያ በታች የሚል ከሆነ በቂ ነው።

ምን ይሰካበታል፣ ምን አይሰካም

ሞኒተሩን ግድግዳ ላይ ሰክቶ ሲፒዩውን ብቻ ዩፒኤስ ላይ የሚያደርግ ሰው አለ። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ይሠራል፣ ሴቭ የሚደረገው ግን አይታይም። ሲፒዩ፣ ሞኒተር፣ ራውተር፤ ይኸው ነው። ሌዘር ፕሪንተር በፍጹም አይሰካም፤ ቀለሙን የሚያቀልጠው ክፍል ሲሞቅ ከ500 ዋት በላይ፣ አንዳንዱም ከ1000 በላይ ይስባል፣ በአንድ ወረቀት ዩፒኤሱን ሊያቃጥለው ይችላል። ካውያም እንዲሁ። ዲቫይደር ከዩፒኤሱ በኋላ ማስገባት የሚያመጣው ችግር፣ የሚቀጥለው ሰው መጥቶ የስልክ ቻርጀሩንና ቴሌቪዥኑን እዚያ ላይ መጨመሩ ነው።

ቤት ሲገባ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ሳትሰኩ ቢያንስ 8 ሰዓት፣ ከተቻለ ሙሉ ቀን ቻርጅ አድርጉት። ከግድግዳ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፣ መሬት ላይ አይቀመጥ፤ በበጋ አቧራው አየር መግቢያውን ይደፍነዋል። የዩኤስቢ ገመድ ካለው ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኙት። ዊንዶውስ ብዙዎቹን እንደ ላፕቶፕ ባትሪ ያያቸዋል፤ የፓወር ኦፕሽን ውስጥ ገብታችሁ ባትሪው ሲያልቅ ሀይበርኔት ወይም ሸት ዳውን እንዲያደርግ፣ ልኩንም 30 በመቶ ላይ አድርጉት። ሳይነካ የሚመጣው 5 በመቶ ነው፣ ያረጀ ባትሪ ግን 20 በመቶ ብሎ ወዲያው ዜሮ ይገባል። ስሊፕ አትምረጡ፤ ባትሪው ሲያልቅ ያልተቀመጠው ሥራ አብሮ ይጠፋል።

መብራት ሲመለስ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ሰፈሩ ሙሉ ፍሪጅና ምጣድ በአንዴ ሲነሳ ቮልቴጁ ይወዛወዛል። በየሦስት ወሩም የምትሠሩትን ዘግታችሁ ከብሬከሩ አጥፉትና ስንት ደቂቃ እንደቆየ ጻፉ። መጀመሪያ ከነበረው ግማሽ ሲሆን ባትሪ መቀየሪያው ደርሷል።

ለረጅም ጊዜ የሚጠፋ መብራት

ትንሹን ዩፒኤስ ከፍቶ የመኪና ባትሪ ማያያዝ የሚያውቁ ባለሙያዎች አሉ። ይሠራል፣ ለጊዜው። ቻርጀሩ 1 አምፔር አካባቢ ብቻ ስለሚሰጥ 60 አምፔር ሰዓት ያለውን ባትሪ ለመሙላት ቀናት ይፈጅበታል፤ በዚያ መሀል መብራት ደግሞ ይጠፋል፣ ባትሪው ሞልቶ አያውቅም። ትራንስፎርመሩና ትራንዚስተሮቹም ለ10 እና ለ15 ደቂቃ ታስበው የተሠሩ ናቸው፣ ለሁለት ሰዓት ሲሠሩ ይግላሉ። ውሃ የሚጨመርበት የመኪና ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ይለቃል፤ መኝታ ክፍል ውስጥ ቦታ የለውም።

ትክክለኛው መንገድ ቻርጀር ያለው ፒዩር ሳይን ዌቭ ኢንቨርተርና ለጥልቅ መሟጠጥ የተሠራ ባትሪ ነው። 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሊድ ባትሪ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙበት 600 ዋት ሰዓት ነው፤ 120 ዋት ኮምፒውተር 4 ሰዓት ይሠራበታል። የሊቲየም አይረን ፎስፌቱ ተመሳሳይ 100 አምፔር ሰዓት ከ7 ሰዓት በላይ ይሰጣል፣ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ መሙላትም ይችላል፤ ዋጋውን የሚችል ይህን ይግዛ። የሊቲየሙን ስትገዙ ቻርጀሩ ለሱ የተስተካከለ መሆኑን፣ ኢንቨርተሩም በ10 ሚሊ ሰከንድ የሚዞር መሆኑን ጠይቁ።

ላፕቶፕ ያለው ሰው ግን ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ባትሪው ውስጡ ነው፤ የሚጠፋበት ዋይፋዩ ብቻ ነው። ለራውተር የሚሆኑ ትንንሽ የ12 ቮልት ዩፒኤሶች አሉ። ከመግዛታችሁ በፊት የራውተራችሁ አዳፕተር ላይ 12 ቮልት እንጂ 9 ወይም 5 አለመባሉን፣ የመሰኪያው ውፍረትም መግጠሙን አረጋግጡ። 8800 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል ከሆነ ቁጥሩ የሚሰላው በ3.7 ቮልት ነው፣ 32 ዋት ሰዓት ገደማ፤ 8 ዋት ለሚበላ ራውተር ሦስት ሰዓት ተኩል። መስመሩ ፋይበር ከሆነ ከማዕከሉ እስከ ቤት መንገድ ላይ ያለው ክፍል በአብዛኛው መብራት ስለማይፈልግ ኢንተርኔቱ ይቀጥላል።

ባትሪ ስትቀይሩ

ዩፒኤሱን አጥፉ፣ ከግድግዳ ንቀሉ፣ የተሰካበትን ሁሉ ንቀሉ። ከመክፈታችሁ በፊት የሽቦዎቹን ቦታ በስልክ ፎቶ አንሱ። ቀይ በፕላስ፣ ጥቁር በማይነስ፤ ከተገለበጠ ዩፒኤሱ ያኔውኑ ይቃጠላል። ስትገጥሙ ትንሽ ብልጭታ ማየት የተለመደ ነው። የባትሪው ምላስ 4.75 ወይም 6.35 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ የድሮውን ይዛችሁ ሂዱ፣ የላላ ምላስ ይግላል። 7 አምፔር ሰዓት በነበረበት ቦታ 9 መግጠም ይቻላል፣ መጠናቸው አንድ ነው፣ ደቂቃም ይጨምራል። ሁለት ባትሪ ያለበት ላይ ሁለቱን አብራችሁ ቀይሩ፤ አሮጌው አዲሱን ይጎትተዋል። የወጣውን ባትሪ ልጆች እንዳይነኩት አርቁት፣ ሊድና አሲድ ስላለበት ከቆሻሻ ጋር አይጣል፤ አዲሱን የምትገዙበት የባትሪ ሱቅ አሮጌውን ይቀበል እንደሆነ ስትከፍሉ ጠይቁ፣ ከዋጋውም ሊቀንስላችሁ ይችላል።